ከቡሬ በርበሬ እስከ ሲቹዋን ቅመም

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ማርቆስ በኩል የሚጓዝ ሰው ፍኖተ ሰላምን አልፎ ቡሬ ይደርሳል። የበርበሬ ወቅት ከሆነ ገበያውን ከማየቱ በፊት ያስነጥሰዋል፤ የደረቀ ዛላ በየጆንያው ታጭቆ ከየገጠሩ ይገባልና።

ባለፈው ጥር አክስቴን ልዘይር ቡሬ ሄጄ ነበር። በቻይና፣ በሲቹዋን ግዛት ተምሮ የተመለሰው ልጇ አንዲት ትንሽ ከረጢት አወጣ። ውስጧ የተሰነጠቀ ቀይ የፍሬ ልጣጭ አለ።

«ለቡሬ ሰው በርበሬ ታመጣለህ?» አለችና አኘከች። ጥቂት ቆይታ ከንፈሯን ዳሰሰች። «ውይ ልጄ! ከንፈሬ የት ሄደ?»

እኔም ቀመስኩ። አያቃጥልም። መጀመሪያ የሎሚ ልጣጭ ይሸታል፣ ከዚያ ምላስን ይነዝራል፣ በመጨረሻም ያደነዝዛል። ቻይናዎች ኋጂያኦ ይሉታል። የበርበሬም የቁንዶ በርበሬም ዘመድ አይደለም፤ ከሎሚና ከብርቱካን ወገን የሆነ ዛፍ ፍሬ ነው። ዘሩ ተጥሎ ልጣጩ ይበላል። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት ነዘራውን በሰከንድ 50 ጊዜ ያህል ከሚርገበገብ ነገር ጋር አመሳስለውታል።

የበርበሬ ነገር ሌላ ነው። በውስጡ ያለው ካፕሳይሲን ትኩሳትን የሚለየውን ነርቭ ያታልላል። ውኃ ብዙም አይረዳም፤ እርጎ ያበርደዋል። (አክስቴ ይህን ያለ ላቦራቶሪ ታውቀዋለች።) ሲቹዋኖች ሁለቱን አጋብተው «ማላ» ይላሉ፤ «ማ» መደንዘዝ፣ «ላ» ማቃጠል ነው። ውድ አንባቢያን፣ በርበሬ ለእነርሱም ለእኛም እንግዳ ነው፤ የትውልድ አገሩ አሜሪካ ስለሆነ ወደ ሁለታችንም የዘለቀው እ.ኤ.አ. ከ1492 በኋላ ነው። ኋጂያኦ ግን የቻይና የጥንት ቅመም ነው።

አክስቴን ያሳሰባት ጣዕሙ አልነበረም። «ታዲያ እዚያ ምን ትበላ ነበር?» አለችው።

ልጁ አቀረቀረ። በርካታው ወጥ የአሳማ ሥጋ አለበት፤ የበሬውም ሥጋ ቢሆን ብዙ ጊዜ በሩዝ ወይን ጠጅ ይታሻል። የመጀመሪያዎቹን ወራት በሩዝ፣ በእንቁላልና እርሷ ቋጥራ በሰጠችው በርበሬ ገፋ። ኋላ አንድ የሁይ ሙስሊም ጓደኛው በምግብ ቤቶች ሰሌዳ ላይ «ቺንግዠን» የሚለውን ጽሑፍ አሳየው፤ በቻይንኛ ሐላል እንደማለት ነው። የላንዡን የበሬ ሥጋ ሾርባ በእጅ ከተሳበ ፓስታ ጋር ያገኘው እዚያ ነው። ማላንም ሳይሳቀቅ የቀመሰው ያኔ ነው።

«አልሐምዱ ሊላህ» አለች። ቆይታም «በርበሬው ሲያልቅ ለምን አልነገርከኝም?» ብላ ተቆጣች።

ማታ ከኋጂያኦው ቆንጠር አድርጋ ሽሮው ላይ ነሰነሰች። ትንንሾቹ ልጆች ምላሳቸውን አውጥተው እርስ በርስ ተያዩ።