ሎስ አንጀለስ የወንዝ ዳር መንደር ሳለች

ሎስ አንጀለስ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታሰበን ፍሪዌይ፣ ፓርኪንግ ፍለጋና የቤት ኪራይ ነው። ይህች ከተማ ግን ስትጀመር በቆሎና ባቄላ የሚዘራባት፣ ውሃዋን በቦይ የምታመጣ ትንሽ የገበሬ መንደር ነበረች። ቦታው ዛሬም አለ፤ ዳውንታውን፣ ዩኒየን ስቴሽን ፊት ለፊት፣ ኦልቬራ ስትሪት የሚባለው ሰፈር ነው። ከፌርፋክስ ልጆች ይዞ ደርሶ ለመመለስ የቅዳሜ ግማሽ ቀን ይበቃል። ታሪኩን ሳታውቁ ከሄዳችሁ ግን የሜክሲኮ ዕቃ መሸጫ ብቻ መስሏችሁ ትመለሳላችሁ።

መንደሯ የተቆረቆረችው በፈረንጆች አቆጣጠር ሴፕቴምበር 4 ቀን 1781 ነው። የሰፈሩት 11 ቤተሰቦች ሲሆኑ በጠቅላላው 44 ሰዎች ናቸው፤ 11 ወንዶች፣ 11 ሴቶችና 22 ልጆች። አስቡት፣ ግማሹ ልጅ ነበር! የስፔን መንግሥት መሬትና ከብት እሰጣችኋለሁ ብሏቸው፣ ዛሬ የሜክሲኮ ግዛት ከሆኑት ከሲናሎዋና ከሶኖራ ከ1,000 ማይል በላይ ተጉዘው የመጡ ድሆች ናቸው። ከ44ቱ 26ቱ የአፍሪካ ደም ነበረባቸው። ለመንደሯ የተሰጣት ረጅሙ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «የመላእክት ንግሥት የእመቤታችን መንደር» እንደማለት ነው። እናቶቻችን ይህን ቢሰሙ ደስ ሳይላቸው አይቀርም።

ሰፋሪዎቹ የመጡት ባዶ መሬት ላይ አልነበረም። የቶንግቫ ሕዝብ ያንጋ የሚባል መንደር እዚያው አጠገብ ነበረው፤ ብዙም ሳይቆይ የዚያ መንደር ሰዎች በሰፋሪዎቹ እርሻ ላይ ጉልበት ሠራተኛ ሆኑ። ይህን ለልጆች ሳይነግሩ ማለፍ አይገባም።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ የውሃው ነገር ነው። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የቤት መሥሪያ ቦታ፣ በመስኖ የሚለማና በዝናብ የሚታረስ መሬት፣ ጥማድ በሬ፣ ላሞች፣ በጎችና ፍየሎች፣ ማረሻም ጭምር ተሰጠው፤ በነፃ ሳይሆን ከምርቱ እንዲከፍል ነው። መጀመሪያ ከሠሯቸው ሥራዎች አንዱ ከወንዙ ውሃ ጠልፎ ቦይ መቆፈር ነበር። ስሙን «ሳንሃ ማድሬ»፣ ማለትም እናት ቦይ አሉት። ከእናት ቦይ ትንንሽ ቦዮች እየተቀጠሉ ወደ ማሳው ይሄዳሉ። አገር ቤት መስኖ ባለበት ሰፈር ያደገ ሰው የውሃ አባትን ያውቃል፤ ዛሬ ተራው የማን እንደሆነ የሚወስን፣ በሌሊት ተነስቶ የሰው ውሃ ወደ ራሱ ማሳ የሚያዞረውን የሚቀጣ ሰው ነው። እዚህም ሳንሄሮ የሚባል ተሿሚ ነበር። መንደሯ ከተማ ከሆነች በኋላ እንኳን ሳንሄሮው ከከንቲባው የበለጠ ደመወዝ ያገኘባቸው ዓመታት ነበሩ።

እኛ ሰፈርም በታሪኩ ውስጥ አለ። ልጆቻችን የማሞዝ ሐውልት የሚያዩበት፣ ሚራክል ማይል ላይ ያለው የላ ብሪያ ሬንጅ የመንደሩ ሰዎች ጣሪያ ነበር። ቤታቸውን በጭቃ ጡብ ይሠሩና ዝናብ እንዳያስገባ ሬንጁን እዚህ ድረስ መጥተው እየጫኑ ይወስዱ ነበር። ወንዙ ራሱም እስከ 1825 ድረስ ብዙ ጊዜ ወደ ምዕራብ ይታጠፍና ከፌርፋክስ በስተደቡብ አልፎ፣ ዛሬ ባዮና ክሪክ በሚባለው በኩል ባሕር ይገባ ነበር። በዚያ ዓመት ጎርፍ መጣና መንገዱን ቀየረ፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ደቡብ ነው የሚፈሰው። የእኛ ወንዞች የሚሞሉት ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ የዚህኛው ግን ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ። በ1938 የመጣው ጎርፍ ከ100 በላይ ሰው ከገደለ በኋላ መንግሥት ወንዙን ከሞላ ጎደል በሲሚንቶ ገነባው። በፍሪዌይ ስናልፍ የምናየው ያ ግራጫ ቦይ የመንደሯ ወንዝ ነው።

ከመሥራቾቹ አንዱ ሉዊስ ኪንቴሮ የሚባል ጥቁር ልብስ ሰፊ ነበር። ከሚስቱና ከአምስት ልጆቹ ጋር መጣ፤ እርሻው አልሆነለትም መሰለኝ፣ በዓመቱ መንደሯን ለቆ ሳንታ ባርባራ ሄዶ ልብስ ስፌቱን ቀጠለ። የልጅ ልጁ ማሪያ ሪታ ቫልዴዝ ግን ተመልሳ ሰፊ የከብት እርሻ ባለቤት ሆነች። መሬቱ የት ነው ብትሉ ቤቨርሊ ሂልስ! ከሱቆቻችን በመኪና ጥቂት ደቂቃ ነው።

እዚያ ስትደርሱ መጀመሪያ ወደ አደባባዩ ሂዱ። የ44ቱ ሰዎች ስም የተጻፈበት የነሐስ ሰሌዳ አለ፤ ከስማቸው አጠገብ ዕድሜያቸውና ዘራቸውም ተጽፏል። ልጆቻችሁ የእኩያቸውን ስም ይፈልጉ። ስለ ዘሩ መጠየቃቸው አይቀርም፤ መልሱን በመንገድ ላይ ብታስቡበት ጥሩ ነው። ቀጥሎ በ1818 የተሠራውን አቪላ አዶቤን እዩ፤ በከተማዋ ውስጥ ከቆሙት መኖሪያ ቤቶች ሁሉ የቆየው እሱ ነው፣ መግቢያውም ነፃ ነው። ውጭ በኦልቬራ ስትሪት ንጣፍ ላይ ከሌላው ለየት ብሎ የተደረደረ የጡብ መስመር ታያላችሁ። እናት ቦይ ያለፈችበት ነው። ትንንሾቹ መስመሩን ተከትለው ይሂዱ፣ እናንተ ቹሮ የሚሸጥበት ጋ ጠብቋቸው።