የግራካሶ ቁልቁለትና የፍሬን ምርጫ

ከወልድያ ተነስቶ ጎብዬንና ሮቢትን ያለፈ ሹፌር ቆቦ ሲደርስ መንገዱ ሜዳ ይሆንለታል። ግራና ቀኙ ማሽላ ነው፤ ከብትና ግመል መንገድ ያቋርጣል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ የጎሊናና የሆርማት ወንዞች ከተራራው አሸዋ ጠርገው ይመጣሉ። በዚህ ሜዳ ላይ የትኛውም ፍሬን ጥሩ ይመስላል። አንዴ ይረገጣል፣ መኪናው ይቆማል፣ ዲስኩም እስከሚቀጥለው ድረስ ነፋስ ያገኘዋል። የፍሬን ልኩ የሚታወቀው ከዋጃና አላማጣ ወዲያ፣ በአላማጣና በኮረም መካከል ያለውን የግራካሶ ተራራ መውረድ ሲመጣ ነው።

አላማጣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች፤ ኮረም ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። ከኮረም የሚወርድ ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ሞተሩ ካላገዘው በፍሬኑ ላይ የሚያራግፈው ሙቀት ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። አሥር ቶን የሆነ የጭነት መኪና ከሆነ ደግሞ አምስት እጥፍ ነው። ያን ሁሉ ሙቀት የሚሸከሙት ዲስኩ፣ ታምቡሩ፣ ሸራውና የፍሬን ዘይቱ ናቸው።

ስለዚህ ጉልበት ያለው ፒክአፕ ወይም ላንድክሩዘር ይዞ በዚህ መስመር የሚመላለስ ሰው ሸራና ዲስክ ሲገዛ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ስለ ሙቀት ነው። ዋጋና የፋብሪካ ስም ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ጥሩ ሸራ ጠርዙ ላይ ቁጥርና ሁለት የላቲን ፊደላት ታትመውበት ይገኛሉ፦ ኤፍ ኤፍ፣ ጂ ጂ ወይም ኤፍ ኢ የሚሉ። የፊተኛው ፊደል ሸራው በተለመደው ሙቀት ምን ያህል እንደሚይዝ፣ የኋለኛው ሲግል ምን ያህል እንደሚይዝ ይናገራል። ኢ ከ0.25 እስከ 0.35፣ ኤፍ ከ0.35 እስከ 0.45፣ ጂ ከ0.45 እስከ 0.55 ያለውን የሰበቃ መጠን ያመለክታሉ። ኤፍ ኢ የተጻፈበት ሸራ ሲግል ይዳከማል ማለት ነው፤ ለግራካሶ አይመከርም። ፊደሎቹ ሸራው ስንት ጊዜ እንደሚቆይ አይናገሩም፤ ቢሆንም በአዲስ አበባው ሶማሌ ተራም ሆነ በቆቦ መለዋወጫ ቤት ካርቶኑን ከፍቶ ጠርዙን ማየት ደቂቃ አይፈጅም። የውድድር ሸራ መግዛትም ትርፍ የለውም። እሱ በደንብ የሚይዘው ከጋለ በኋላ ስለሆነ ጠዋት ቆቦ ገበያ ዳር ድንገት ሕፃን ቢገባ አያደርስም።

ዲስክን በተመለከተ ዓይን የሚስበው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ነው። ነገር ግን ቀዳዳው ሙቀት የሚሸከመውን ብረት ይቀንሳል፤ በተደጋጋሚ ሲግልና ሲቀዘቅዝም ስንጥቅ የሚጀምረው ከቀዳዳው አፍ ነው። ለረጅም ቁልቁለት የሚሻለው በሁለቱ ገጾቹ መካከል የአየር መተላለፊያ ያለው፣ ከበድ ያለ፣ ፊቱ ለስላሳ ዲስክ ነው። የቆቦ ሜዳ አሸዋ በሸራና በዲስክ መካከል ገብቶ ዲስኩን ይቦረቡራል፤ ጥፍር የሚይዝ ቦይ ከተፈጠረ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላግ የተለመደ ነው። ከማስላግ በፊት ግን ዲስኩ ላይ የተቀረጸውን ዝቅተኛ ውፍረት ማንበብና በቬርኒየር መለካት ያስፈልጋል። ከዚያ በታች የሳሳ ዲስክ ቶሎ ይግላል፤ መጣል አለበት።

ዲስክ ከታምቡር ይልቅ ለምን እንደሚመረጥ እ.ኤ.አ. በ1953 በፈረንሳይዋ ለ ማን ከተማ ታይቷል። ጃጓር በ24 ሰዓቱ ውድድር ሲያሸንፍ የተጠቀመው የዲስክ ፍሬን ነበር። ዲስክ ገላጣ ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ ለአየር ይለቃል፤ ታምቡር ግን በውስጡ አፍኖ ይይዘዋል። ዛሬም ብዙ ሚኒባስና ፒክአፕ ከኋላ ታምቡር ነው።

ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ የሚለው በሁለት መንገድ ነው። ፔዳሉ ጠንክሮ እያለ መኪናው አልቆም ካለ ሸራው ግሎ መያዝ ተስኖታል። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ከሰመጠ ደግሞ ዘይቱ ፈልቶ አረፋ ሠርቷል። አዲስ ዶት 3 ዘይት ቢያንስ እስከ 205፣ ዶት 4 እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ አይፈላም፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ዝቅተኛው ልክ ወደ 140 እና 155 ይወርዳል። ውድ ሸራ አስገብቶ ዓመታት የቆየ ዘይት መተው ገንዘብን ማባከን ነው። ማርሹን ዜሮ አድርጎ ነዳጅ ለመቆጠብ የሚወርድም የሞተሩን እገዛ በገዛ እጁ ያጣል።

አዲስ ሸራና ዲስክ ከተገጠመ በኋላ ከ60 ወደ 20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ደጋግሞ በልኩ እየቀነሱ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ፣ ማለማመድ ይገባል። ከቆቦ ወደ ዋጃ ያለው ሜዳ ከብት ሳይወጣ በማለዳ ለዚህ ይመቻል።

ዓመታዊው የቦሎ ምርመራ ፍሬንን ለጥቂት ጊዜ፣ ሳይግል ይለካል። ግማሽ ተራራ ከወረደ በኋላ ምን እንደሚሆን አያሳይም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ከቁልቁለቱ ሙቀት አያመልጡም። ሞተራቸው ቁልቁለት ላይ ኃይሉን ወደ ባትሪ እየመለሰ ፍሬኑን ያሳርፋል፤ ባትሪው ሞልቶ ከተነሳ ግን ኃይሉን የሚቀበል ቦታ ስለሌለ ሸክሙ ተመልሶ ሸራና ዲስክ ላይ ይወድቃል። ባለ ኤሌክትሪክ መኪናም ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ባትሪውን ሳይሞላ ቦታ መተው፣ ብዙ ሳይረገጥ የቆየው ዲስኩ ዝገት እንዳልያዘውም ማየት ይኖርበታል።