ባሕር የሌላት ደሴት

ዶዶ ክንፍ ነበረው፤ መብረር ግን አይችልም። የሆላንድ መርከበኞች በ1598 እ.ኤ.አ. ሞሪሺየስ ደሴት ደረሱ። መቶ ዓመት ሳይሞላ ወፉ ጠፋ፤ እሱን ሰው እያደነው፣ እንቁላሉን በመርከብ የመጡት አሳማና አይጥ እየበሉት።

እኛ ባሕር ባይኖረንም ደሴት አለን። አመድማ ላባ ያለው፣ ዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ የሆነው የኢትዮጵያ የቁጥቋጦ ቁራ ከቦረና፣ ከያቤሎ አካባቢ ውጪ በዓለም የትም የለም። መብረርማ ይችላል። ያገደው ሙቀት ነው፦ ሰፈሩ ቀዝቀዝ ያለ፣ ዙሪያው ሞቃት። ምድር በሞቀች ቁጥር ደሴቱ ከዳር ከዳሩ ይበላል።

አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም፣ የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷን ሉሲ ቅጂ ስንቴ አይቻለሁ! ቁራውን ግን አንድም ቀን። መስታወት ውስጥ ሳይገባ ያቤሎ ሄጄ ሲጮህ ልሰማው።