የአሥር ብሯ ሒሳብ

እኛ የዘንድሮ ልጆች በኳስ ተከራክረን አንጠግብም፤ የቤቲንግ ሒሳብ ሲነሳ ግን ጭጭ! እስቲ እናስላው። አወራራጁ ከየግጥሚያው 5 በመቶ የሚያስቀር ከሆነ፣ 10 ግጥሚያ በአንድ ቲኬት ስናያይዝ ከ100 ብራችን በአማካይ የሚመለሰው 60 ብር ገደማ ነው። («አንድ ቡድን ብቻ አበላሸብን» ማለት የምናበዛው ወደን አይደለም።) አቪዬተርስ? ሠሪዎቹ ራሳቸው እንደሚሉት 97 በመቶውን ይመልሳል። ደግነቱ! ግን አንዱ ዙር በሴኮንዶች ያልቃል። በ10 ብር 100 ዙር ከተጫወትን 1,000 ብር አስይዘናል፤ በአማካይ 30 ብር ሄደ፣ ያውም ሰዓት ሳይሞላ። የግድ ከሆነ እኛ ነጠላ ግጥሚያ እንመርጣለን፤ በሳምንት አንዴ፣ በአንድ ማኪያቶ ዋጋ። የዕቁቡን ብር ግን ደሞዝ በገባ ቀን ለዳኛው እናስረክባለን፤ ስልካችን ላይ ካደረማ ማን ያምነናል?