ለአንባቢ ወንበር፥ ለወንበሩም አየር

ወደ አንድ የንባብ አዳራሽ ሲገቡ አስቀድመው የሚመለከቱት ምንድን ነው? መደርደሪያውን ነው ወይስ ባዶውን ወንበር? እኔ ግን ከኮሮና ዘመን ወዲህ ዓይኔ የሚያርፈው በመስኮቱ ላይ ነው።

በሽታው በአገራችን መጀመሪያ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ እኔ የማዘወትረው የንባብ አዳራሽም ተዘጋ። ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ክፍል ለሚኖር ተማሪ ወይም ለማታ ትምህርት ለሚዘጋጅ ጸሓፊ የተዘጋበት መጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ ጠረጴዛ፥ መብራትና ጸጥታም ጭምር ነው። እኔም በተከራየኋት ጠባብ ክፍል አልጋዬን ጠረጴዛ አድርጌ፥ ከጎረቤት ሬዲዮ ጋር እየታገልሁ ሳነብ የአንዲት ወንበር ዋጋ ገባኝ።

በዚያ ወራት በብዙ አገሮች የተመለሰ መጽሐፍ ለጥቂት ቀናት ለብቻው ይቀመጥ ነበር። ኋላ ግን በሽታው በይበልጥ የሚተላለፈው በተዘጋ ቤት ውስጥ በሚተነፈሰው አየር እንጂ በመጽሐፍ ገጽ አለመሆኑ ታወቀ።

እንግዲህ ለቤተ መጻሕፍት ሠሪ ትምህርቱ ግልጽ ነው። ሰውን ለማራራቅ ሲባል ወንበር መቀነስ ቀላል ነው፤ ዳሩ ግን የሚቀነሰው ወንበር በቤቱ ጠረጴዛ የሌለው ሰው ወንበር ነው። ስለዚህ የሚሻለው አየሩን መጨመር ነው፤ ይኸውም ነፋስ ከአንዱ ገብቶ በሌላው እንዲወጣ ትይዩ የሚከፈቱ መስኮቶች፥ ከፍ ያለ ጣራ፥ እንደ ጊዜው ሊራራቁ የሚችሉ ጠረጴዛዎችና ሰፊ በረንዳ ናቸው። አዲስ አበባ ደጋ ስለ ሆነች በበጋ ወራት በጥላ ሥር ተቀምጦ ማንበብ ደስ ያሰኛል፤ ለክረምቱም በረንዳውን ጣራ ማልበስ ይበቃል።

በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በፓርላማው ፊት ለፊት የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በአንድ ጊዜ 2,000 ያህል ሰው እንዲይዝ የታሰበ ነው። ለየቀበሌው ይህን የሚያህል ሕንፃ ማቆም አይቻልም፤ የሚከፈት መስኮት ግን ለትንሿም ክፍል አይከብድም።

የዓለም ጤና ድርጅት የአስቸኳይ ጊዜው ማብቃቱን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ ነገሩን መርሳት ጀምረናል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላልና፥ የንባብ ክፍል ፕላን አንድ ቀን በእጅዎ ቢያልፍ፥ ዛሬ በሰላሙ ጊዜ ወንበሩንም አየሩንም ይቁጠሩልን።