ሚሊ ሜትር ስቆጥር

ኮልፌ አጠና ተራ አጠና ስሸጥ ነው ዕድሜዬ የሄደው። የሐሞት ጠጠር ነው ብዬ አልትራሳውንድ ብታይ ሐሞቴ ደህና ሆኖ ቀኝ ኩላሊቴ ላይ ዕጢ ተገኘ። በሲቲ ስካን 2.1 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ስኳርና ደም ግፊትም ስላለብኝ ሐኪሙ «ጋሼ፣ ለጊዜው አንነካውም፤ እየለካን እንከታተለዋለን» አለኝ።

ካንሰር ሊሆን የሚችል ነገር ሆድ ውስጥ ይዞ መጠበቅ ከባድ ነው። ሰፈሩም አላሳርፍ አለኝ፤ ገሚሱ «አሁኑኑ ያስወጡት»፣ ገሚሱ «ቢላ ከነካው ይዛመታል» ይላል። ባለቤቴ ጸበሉንም ቀጠሮውንም አታሳልፈኝም።

ሐኪሙ በትዕግሥት አስረዳኝ። ከ4 ሴንቲ ሜትር ከማይበልጡ የኩላሊት ዕጢዎች ከአምስቱ አንዱ ገደማ ካንሰር አይደለም። በክትትል ላይ ያሉት በአማካይ በዓመት 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚያድጉት፤ ወደ ሌላ አካል የሚዛመቱት ጥቂት ናቸው። በዓመት ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከጨመረ ግን ቀዶ ሕክምና ይታሰባል።

«ካላደገ ካንሰር አይደለም ማለት ነዋ?» አልኩት።

«እሱ አያስተማምንም። ካንሰር ሆኖ ዓመታት ባለበት የሚቆይ አለ፤ ካንሰር ሳይሆን የሚያድግም አለ።»

ከወራት በኋላ ሌላ ቦታ የተነሳሁት አልትራሳውንድ 2.6 አለ። እንቅልፍ አጣሁ። ሐኪሙ ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን አየና «አጠና ሲገዙ አንዱን ከሥሩ፣ ሌላውን ከጫፉ ለክተው ያወዳድራሉ?» አለኝ። መሣሪያው ሲለይ፣ የሚለካው ሰው ሲለይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይዛባል። በዚያው በፊተኛው ሲቲ ስካን ሲደገም 2.2 ሆኖ ተገኘ።

በቀጣዩ ዓመት ግን በዚያው ማሽን 2.9 ገባ። ይኼኛው የልኬት ስሕተት አልነበረም። ስኳሬና ግፊቴም ተስተካክሎ ስለነበር ዕጢው ያለበት ክፍል ብቻ ተቆርጦ ወጣ፤ የቀረው ኩላሊቴ ተረፈ። የናሙናው ውጤት ካንሰር ነው አለ፤ ከኩላሊቱ ግን አልወጣም ነበር። ተመስገን፣ ዛሬም ክትትል ላይ ሆኜ እሠራለሁ።

እንዲህ ያለ ዕጢ ተገኘባችሁ ከተባላችሁ የቀድሞውን ፊልምና ሲዲ አትጣሉ፤ በየቀጠሮው ይዛችሁት ሂዱ። ከተቻለ በአንድ ዓይነት ምርመራ፣ በአንድ ቦታ ተለኩ። እኔን ለቀዶ ሕክምና በጊዜው ያደረሰኝ ያ ፊልም ነው።