ቡችላ ለልጅ ይሸጣል?

እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ዕድሜው ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ እንስሳ መሸጥን ይከለክላል። የሚቀጣው ሻጩ ነው፤ ይህ ደስ ይለኛል። አዲስ አበባ ግን መንገድ ዳር በካርቶን የቀረበውን ቡችላ ብር የያዘ ሁሉ ታቅፎት ይሄዳል። "ጀርመን ሸፐርድ ነው" ይላል ሻጩ፤ ዘሩን እንኳ ፈጣሪ ይወቀው።

ልጆች ውሻ አይውደዱ አልልም። ነገር ግን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ቡችላው ሦስት ወር ገደማ ሲሞላው ነው፤ በሽታው ደግሞ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰውንም ቢሆን አይምርም ማለት ይቻላል። ታዲያ ቡችላውን ለክትባት ሐኪም ጋ የሚወስደው፣ ልጁ ፈተና ሲደርስበትስ የሚያበላው ማን ነው? እናት ናታ! እንግዲያው ሲገዛም አብራው ትቁም። "ግቢያችን አይበቃም" ካለችም ያኩርፍ።